በጎረቤት መብራት

የብዕር ወዳጆች ጥያቄና መልስ፣ ከደሴ

ውድ አንባቢዎች፣ ባለፈው እትም «ለየት ባለ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ታሪክ ጻፉ» ብዬ ነበር። ከመጣው ደብዳቤ ግን ከታሪኩ ይልቅ ጥያቄው በዛ። ደስ ብሎኛል። ሠላሳ ምናምን ዓመት አማርኛ ሳስተምር አንድ ነገር አይቻለሁ፤ የሚጠይቅ ልጅ መጻፍ ጀምሯል። ለዛሬ አምስቱን መርጫለሁ። የምመልሰው ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። ውጭው ጉም ነው። የጦሳ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ አልታየም።

«ቤቴ ተራ ነው። ልዩ ቤት ከየት ላምጣ?»

እትዬ፣ እንደምን ነዎት? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከእናቴና ከእህቴ ጋር። መጻፍ እወዳለሁ። በስልኬ ሳይ ግን የውጭ አገር ሰዎች ዋሻ ውስጥ፣ ዛፍ ላይ፣ የባሕር መብራት ማማ ላይ ይኖራሉ። እነሱ ቢጽፉ አይገርምም። የእኔ ግድግዳ ነጭ ነው። መስኮቱ የሚያየው የፊት ለፊቱን ብሎክ ነው። ከዚህ ምን ይወጣል? (ሀ. ከኮምቦልቻ)

ልጄ፣ አብሽሪ። መጀመሪያ የራቀውን እንይ።

አውስትራሊያ ውስጥ ኩበር ፒዲ የምትባል ከተማ አለች። በፈረንጆች 1915 ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ ተገኘባትና ሰው ተሰበሰበባት። በጋው ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ስለዚህ ብዙ ሰው ቤቱን ከመሬት በታች ፈልፍሎ ይኖራል። ፎቶውን ያየ ሰው ይገረማል፣ ያልፋል። የሚጽፍ ሰው ግን እዚያው ቆሞ መጠየቅ አለበት። መስኮት የሌለው መኝታ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው መንጋቱን በምን ያውቃል? ልጅ ተወልዶ አንድ ክፍል መጨመር ቢያስፈልግ ሰውየው ብሎኬት አይገዛም፤ ይቆፍራል። ሲቆፍር ኦፓል ቢወጣለትስ? ለልጁ አልጋ ያሰበውን ቦታ አልፎ መቆፈሩን ይቀጥላል?

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ዶርዜ አለ። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ይሠራል። ከፍታው እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ከፊት ሲያዩት የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ ከሥር ከሥሩ ይበላዋል። የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም ዝቅ ይላል። ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያቆመዋል። እስቲ አስቢው። ሙሽራ ሆና ስትገባ ጣሪያው ከላይዋ ሩቅ ነበር። አያት ስትሆን ወደ እሷ ወርዷል። ሴትዮዋና ቤቷ አብረው ነው ያጠሩት። እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ብዕር አነሳለሁ።

እንግዲህ የምጠይቅሽ አንድ ጥያቄ ነው። ቤትሽ ምን ያስደርግሻል?

የራሴን ልንገርሽ። ያደግሁት እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ በጣልያን ጊዜ በተሠራ አንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ ለአራት ቤተሰብ ተከፍሎ ነበር። ግድግዳችን እንጨት ላይ የተወጠረ አቡጀዴ ነው፤ በላዩ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ኮርኒሱ ድረስ አይደርስም፤ ከላይ ክፍት ነው። መሀል ላይ አንድ አምፖል ተንጠልጥሏል። ማብሪያው ያለው በልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በኩል ነው። እሷ ስታበራ ለአራታችንም ይበራል። ስታጠፋ አራታችንም እንተኛለን። ሒሳቡን በየወሩ ለአራት እንካፈላለን።

ጎረቤታችን ሙስሊም ነበረች። በረመዳን ሌሊት ለሱሁር ስትነሣ መብራቱ ይበራል። እኔም እነቃለሁ። እናቴ «ተኚ» ትለኛለች። እሺ እላትና፣ እንቅልፍ ሲወስዳት ደብተሬን አወጣለሁ። ለሚኒስትሪ ፈተና ያጠናሁት በሱሁር መብራት ነው። ከአቡጀዴው ወዲያ የማንኪያ ድምፅ ይሰማል፤ ውሃ ሲቀዳ፣ ዝቅ ያለ ዱዓ። ከወዲህ የእኔ ገጽ ሲገለጥ።

አንድ ሌሊት በልታ ጨረሰች። ዕቃዋን አነሣች። ዝም አለች። መብራቱ ግን አልጠፋም። ጠበቅሁ። አሁንም አልጠፋም። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጨረስሽ?» አለችኝ። ገጽ ስገልጥ ለካ ስትሰማኝ ኖራለች። «ሁለት ገጽ ቀረኝ» አልኳት። «እንግዲያ እጠብቅሻለሁ» አለች። ለካ ስንት ሌሊት ስትጠብቀኝ ነበር።

ያ ቤት ዝቅ ብዬ መናገር አስለመደኝ። እስከ ዛሬ በሚቀጥለው ክፍል ሰው ካለ ድምፄ ይቀንሳል። የምጽፋቸው ሰዎችም እንደዚያው ናቸው። አይጮሁም። ትልልቁን ነገር የሚናገሩት በግድግዳ ወዲያና ወዲህ ሆነው ነው።

አሁን ወደ አራተኛ ፎቅ እንውጣ። ቡናው ሲወቀጥ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴት ጣሪያዋ ይንቀጠቀጣል። ትቆጣለች ወይስ ቁጥሩን ቆጥራ ሲያልቅ ትመጣለች? በርበሬ የት ታሰጣላችሁ? ውሃ ሲጠፋ ጀሪካኑን ማን ያወጣዋል? ስንተኛው ደረጃ ላይ ያሳርፈዋል? እዚያ ሲያርፍ በየትኛው በር በኩል ምን ይሰማል?

ለቅሶ ደግሞ አለ። ድንኳኑ የሚተከለው ታች ነው። ሐዘንተኛዋ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። ሰው ሁሉ ታች ተቀምጦ ሳለ ነጠላዋን ልትቀይር ወጣች እንበል። ቤቱ ባዶ ነው። በመስኮት ቁልቁል ስታይ የራሷ ለቅሶ ከታቿ ነው። የሸራው ጣሪያ፣ የሚገቡና የሚወጡ ሰዎች አናት፣ ፍም የያዘ ልጅ። እሷን የሚያያት የለም። ይህን ታሪክ በጎጆ ቤት መጻፍ አይቻልም። የሚቻለው ባንቺ ቤት ነው። መስኮቱ ጋ ቁሚና ጀምሪ።

«ጋቢና ቤት ይባላል?»

እትዬ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ የተሳቢ ሹፌር ነኝ። ከጅቡቲ ጭኜ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በባቲ አድርጌ ኮምቦልቻ እገባለሁ። የተከራየሁት ቤት አለኝ፤ በወር አምስት ሌሊት ብተኛበት ነው። ሌላውን ጋቢና ውስጥ ነው የማድረው። ማታ ማታ ደብተር ላይ እጫጭራለሁ። ጋቢና ቤት ይባላል? ስለሱ ብጽፍስ ማን ያነበዋል? (ሹፌሩ)

ወንድሜ፣ ይባላል እንጂ! ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ አነበዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚያነበውን ሰው አብረን እንፈልጋለን።

በመጀመሪያ ጋቢናህ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጻፍልኝ። ምንም አትዝለል። ከወንበሩ ጀርባ ያለችው አልጋ ስንት ክንድ ናት? እግርህን ዘርግተህ ትተኛለህ ወይስ ታጥፈህ? መጋረጃውን ማን ሰፋልህ? መስተዋቱ ላይ ምን ተንጠልጥሏል? ቡታጋዙ ከየት ይወጣል፣ የት ይቀመጣል? ረዳትህ የት ይተኛል? ሁለት ሰው በዚያች ጠባብ ቦታ ሲጣላ ወዴት ይሄዳል?

የአጎቴ ልጅ በዚሁ መንገድ ሲነዳ ኖሯል። ሚሌ ላይ በሙቀት ጊዜ ጋቢና ውስጥ መተኛት አይቻልም ይለኝ ነበር። ሸራው ላይ ይወጣሉ፤ ወይም ከተሳቢው ሥር ሰሌን ዘርግተው ይተኛሉ። ያው መኪና የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ሲወጣ ጋቢ ይፈልጋል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ ሽቅቡ ግን ወደ 600 ሜትር ነው። እኛ ቤት ክረምትና በጋ የሚፈራረቀው በወራት ነው። ያንተ ቤት በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ላቡ በጀርባህ ሳይደርቅ ጉም ውስጥ ትገባለህ። ይህን በሰውነትህ የምታውቀው አንተ ነህ።

ከመንገዱ ዳር ደግሞ የአፋሮችን ቤት ታያለህ። ከታጠፈ እንጨትና ከሰሌን የሚሠራ ነው። የምትሠራው ሴቷ ናት። ውሃና ግጦሽ ሲያልቅ ፈትታ በግመል ጭና ትሄዳለች። እሷ ቤቷን ትጭናለች፤ አንተን ቤትህ ይጭንሃል። በአንዱ ምልልስ ያየሃት ቤት በሚቀጥለው ምልልስ አትኖርም። አመድና ጥቂት ድንጋይ ብቻ ታገኛለህ። ስታልፍ ሁልጊዜ ጥሩምባ የምታሰማው ልጅ ነበር እንበል። አንድ ቀን የለም። ያን ቀን ጥሩምባውን ትነካዋለህ ወይስ አትነካውም?

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ይህን ሳስበው ቆይቻለሁ። በእኛ ቤት እንግዳ የሚቀመጠው ፊት ለፊት ነው። ዓይን ለዓይን እንተያያለን፤ ረከቦቱ መሀል ነው። ጋቢና ውስጥ ግን የገባ ሰው የሚቀመጠው ከጎንህ ነው። ሁለታችሁም የምታዩት መንገዱን ነው። ፊት ለፊት የማይነገር ነገር ጎን ለጎን ሆኖ ይነገራል። እስከ ባቲ ዝም ያለ ተሳፋሪ ጨለማው ሲመጣ አፉ ይፈታል። ምን ነገሩህ? ስማቸውን ቀይረህ፣ አገራቸውን ቀይረህ ጻፈው። ድምፃቸውን ግን እንዳለ ተወው።

«መምህሬ ቤቱ በዛ አለኝ»

እትዬ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ላስታ ያለውን የአያቴን ቤት ጻፍኩት። ክብ፣ የድንጋይ፣ ባለሁለት ፎቅ ነው፤ ከታች ከብት፣ ከላይ ሰው። መምህሬ «ስምንት ገጽ ሙሉ ቤት ብቻ ነው፣ ሰው የታለ?» አሉኝ። ቅር አለኝ። (ተማሪው)

መምህርህ እውነታቸውን ነው። ቅር አይበልህ። ቤቱ ግን ግሩም ነው፤ እንዳትጥለው። ስምንቱን ገጽ አስቀምጠውና አንድ ሌሊት ብቻ ጻፍ። ላሚቱ ልትወልድ ነው። አያትህ ከላይ ተኝተዋል። ከወለሉ ሥር የሚመጣውን ትንፋሽ ይሰማሉ፤ ሙቀቱም ሽታውም ወደ ላይ ይመጣል። ማንም ሳይነግራቸው ሰዓቱ እንደደረሰ ያውቃሉ። ተነሥተው ኩራዝ ይዘው ይወርዳሉ። ደረጃውን ስንት እንደሆነ አትንገረን፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ደረጃ ላይ ሲደርሱ እናውቀዋለን። በሩ ዝቅ ያለ ከሆነ ጎንበስ ሲሉ እናየዋለን። ስምንቱ ገጽ እንዲህ እንዲህ እያለ ራሱ ይገባል።

«ታሪኬ የታሪክ መጽሐፍ ሆነብኝ»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጡረተኛ ነኝ። በንጉሥ ሚካኤል ዘመን አይጠየፍ አዳራሽ ውስጥ የሚያገለግል አንድ ልጅ ታሪክ ጀምሬ ነበር። ግብሩና መኳንንቱ ላይ ስደርስ ማዕረግና ዘመን እየቆጠርኩ ቀረሁ። ምን ይበጀኛል? (ከሰኞ ገበያ)

ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ያነሡት ቤት የደሴ ኩራት ነው። ስሙ ብቻ ምን ያህል ነው! አዳራሽ ሠርቶ «አይጠየፍ» ማለት፣ ማንም ይግባ፣ ማንም ይብላ ማለት ነው። ልጅ ሆኜ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ስሙን በአፌ እደግመው ነበር።

የሚበጅዎት ልጁን ከአዳራሹ ማውጣት ይመስለኛል። ጓዳ ያስገቡት። እንጀራ ቤት ወይ ጠጅ ቤት ይሁን። መኳንንቱን በዓይኑ አይይ። የሚያየው ተመልሶ የሚመጣውን ሞሰብ ይሁን። ማን እንደበላ፣ ማን እንዳልበላ፣ ማን እንደተቆጣ ከተረፈው ያውቃል። አንድ ቀን ያልተነካ ሞሰብ ይመለስለት። ማዕረግ መቁጠር አያስፈልግዎትም።

ከዚያ የሰገሌ ጦርነት ይመጣል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንጉሡ ተሸንፈው ተማረኩ። ስልክና ሬዲዮ እንደዛሬው በየቤቱ የለም። ለዚያ ልጅ ወሬው የሚደርሰው እየተንጠባጠበ ነው። በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዱ ይነሣል። ጓዳ ውስጥ ሊጥ ቦክቷል። ይጋገራል ወይስ አይጋገርም? ማን ይወስናል? የአዳራሹን ወለል ማን ይጠርጋል? እርስዎ ታሪኩን እንደሚያውቁት አውቃለሁ። ልጁ ግን አያውቅም። እሱ የማያውቀውን ለጥቂት ገጽ እርስዎም ይርሱለት።

«ቤት አትበይው ትለኛለች»

እትዬ፣ በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ ተፈናቅለን ደሴ መጣን። ያረፍነው ትምህርት ቤት ነበር፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ቤተሰብ። ያኔ 14 ዓመቴ ነው። አሁን ስለዚያ ክፍል መጻፍ እፈልጋለሁ። «የኖርንበት ቤት» ብዬ ስጀምር እናቴ «ያንን ቤት አትበይው» አለችኝ። ታዲያ ምን ልበለው? (ስሜ ይቅር)

የኔ ልጅ፣ በመጻፍሽ አመሰግንሻለሁ።

በዚያ ክረምት ብርድ ልብስ ይዤ ከጎረቤቶቼ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ድሮ ያስተማርኩበት ክፍል ውስጥ ገባሁ። መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ ትልቅ፣ ትንሽ፣ ኮንጎ፣ ሸበጥ። በዚያ በር ስንት ዓመት ስገባ ስወጣ ጫማ ሲወልቅበት አይቼ አላውቅም። ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ የእኔንም አወለቅሁ።

ወንበርና ጠረጴዛው ተደራርቦ ግድግዳ ሆኗል። በላዩ ነጠላ ተጥሏል። እኔ ቆሜ የማስተምርበት ከፍ ያለው መድረክ ላይ አንዲት እናት ልጇን ታስተኛለች፤ ከወለሉ ብርድ ይሻላል ብለው ለአራስ ሰጥተዋታል። ከጥግ በኩል ሁለት ሴቶች ከነጠላው ወዲያና ወዲህ ሆነው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። በአቡጀዴ ግድግዳ ያደግሁ ነኝና።

ለሌሎቹ ሁሉ ቤቱ ምን ያስደርጋችኋል ስል ነበር። አንቺን የምጠይቅሽ በተቃራኒው ነው። እናንተ ያንን ክፍል ምን አደረጋችሁት? ጫማ በር ላይ ይቅር ያለው ማን ነበር? ማንም አላለም? ማታ ማን ነበር መጨረሻ የሚተኛው?

እናትሽ ልክ ናቸው። ቤት አላቸው፤ ትተውት የመጡት። ሌላውን ቤት ቢሉት ያኛው የተረሳ ይመስላቸዋል። ይገባኛል። ጥቅምት ላይ እኛም የደሴ ሰዎች ተራችን ደርሶ ወጣን። የቤቴን ቁልፍ በክር አድርጌ አንገቴ ላይ አስሬው ነበር። በሄድኩበት ሁሉ ሰው «ቤት ያፈራውን» እያለ ሲያቀርብልኝ እጄ ወደ ክሩ ይሄድ ነበር።

ስለዚህ አታርሚያቸው። ታሪኩ ውስጥ አስገቢያቸው። እናትየዋ ሁልጊዜ «ክፍሉ» ትበል። ልጅቷም «ክፍሉ» ትበል። አንድ ቀን ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ዝናብ ይመጣል፤ ልጅቷ ሳታስበው «ቶሎ ቤት እንግባ» ትላለች። እናትየዋ ሰማች። ምን አደረገች? ቆመች? ጀሪካኑን አስቀመጠች? ያልሰማች መሰለች? አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ አላውቀውም። ስትጽፊ ቢከብድሽ አትፍሪ፤ ዝጊውና ሌላ ቀን ተመለሺበት። ማንም አያስቸኩልሽም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። እኔ በገባሁበት ክፍል ሰሌዳው አልተጠረገም ነበር። ግማሹ የጠፋ የሒሳብ ጥያቄ አለበት። ከሥሩ በሕፃን እጅ፣ በተንጋደደ ጽሑፍ፣ የልጆች ስም ተደርድሯል። የእናንተ ሰሌዳ ላይ ምን ተጽፎ ነበር? መጀመሪያ እሱን ጻፊልኝ። እጠብቅሻለሁ።